ቀለሙ ደረሰ፣ ሙቀቱ ቀረ፦ በውሃ የተሞላ አሸዋ ስንት ቴምፕሬቸር አለው?

እርጥብ አሸዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቱቦ ላይ አፍጥጬ ዓይኔ ሊጠፋ ነው። እህታችሁን እርዱ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላጥራ። በአማርኛ ሁለቱንም «ሙቀት» እያልን እንጠራና በኋላ እንጨቃጨቃለን። እኔ እዚህ «ሙቀት» የምለው የሚተላለፈውን ኃይል ነው። መለኪያው ላይ የሚነበበውን ቁጥር «ቴምፕሬቸር» እለዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቁመቱ 30፣ የአፉ ስፋት 10 ሴንቲሜትር የሆነ ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ቱቦ አቁሜያለሁ። ውስጡ ፍሬው ግማሽ ሚሊሜትር የሆነ የኳርትዝ አሸዋ ነው። በፍሬዎቹ መሃል ያለውን ክፍተት ሁሉ ውሃ ሞልቶታል። 40 በመቶው ውሃ፣ 60 በመቶው አሸዋ ማለት ነው። ሁሉም 20 ዲግሪ ላይ ሲረጋ ከላይ 50 ዲግሪ የሞቀ ውሃ እለቅበታለሁ፤ ከታች ይወጣል። ፍሰቱ በደቂቃ 470 ሚሊሊትር ገደማ ነው። ለቱቦው ወለል ስፋት ሲካፈል በሰከንድ 1 ሚሊሜትር ይመጣል። ከላይ 15 ሴንቲሜትር ወረድ ብሎ ሁለት ተርሞካፕል (ቴምፕሬቸር የሚለካ ቀጭን ሽቦ) ጎን ለጎን ቀብሬያለሁ።

ከሙቁ ውሃ ጋር ትንሽ ቀይ ቀለም ጨመርኩ፣ ውሃው የት እንደደረሰ እንዳይ። ቀለሙ እየወረደ፣ እየወረደ፣ በ1 ደቂቃ ተርሞካፕሎቹ ጋ ደረሰ። ቁጥሩን አየሁ፦ 20.1። በቀይ ውሃ ተከቦ እሱ ተኝቷል! ግማሽ መንገድ፣ ማለትም 35 ዲግሪ፣ የደረሰው በ1 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ነው።

«በቃ፣ ውሃው ሞቋል፣ አሸዋው ገና አልሞቀም፤ እኩል አይደሉም» ብዬ ደመደምኩ። ግን ሁለቱ ተርሞካፕሎች አንድም ጊዜ አልተለያዩም። ባነቃንቃቸውም፣ ባቀያይራቸውም ያው።

ከዚያ አሸዋውን ደፋሁና 20 ሚሊሜትር የብርጭቆ ብይ ሞላሁበት። አንዷን ብይ እስከ መሃሏ በስቼ ተርሞካፕል አጣበቅኩባት (ሁለት ብይ ከሰበርኩ በኋላ ነው የተሳካልኝ)። ሌላውን ተርሞካፕል ክፍተቱ ውስጥ፣ ውሃው ላይ ተውኩት። አሁን ጉድ መጣ። ውሃው 41 ሲል የብይዋ መሃል 33 ነበር።

አማካሪዬ «በየነጥቡ ሙቀታዊ ሚዛን አለ ብለሽ አንድ እኩልታ ጻፊ» ይሉኛል። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ደግሞ «ለጠጣሩ አንድ፣ ለፈሳሹ አንድ፣ ሁለት እኩልታ ካልጻፍሽ ጉድ ይፈላብሻል» ይላል። ማንን ልስማ?

ሌላም አለ። ፓምፑን አጥፍቼ፣ ከላይ እያሞቅኩ፣ የድብልቁን ሙቀት አስተላላፊነት ለካሁ። የውሃውንና የጠጣሩን በየድርሻቸው አባዝቶ መደመር ለብዩ ሠራልኝ። የብረት ኳስ ሳስገባ ግን ገደል ገባሁ። 27 ዋት በሜትር በኬልቪን ጠብቄ 6 እንኳ አልሞላም። ምን አጠፋሁ?

ቶሎ መላሽ

ምን ያስጨንቅሻል? ጠብቂ። ግማሽ ሰዓት ብትታገሺ ሁሉም 50 ይሆናል፤ እኩል ሆኑ፣ አንድ እኩልታ በቂ ነው። ሙቀት አስተላላፊነቱን ደግሞ ከታች ብታሞቂው ቶሎ ይረጋልሽ ነበር።

ግማሽ ዲግሪ

ቶሎ መላሽ ወንድሜ፣ ሁሉም 50 ከሆነ በኋላማ ምን እኩልታ ያስፈልጋል? ጥያቄዋ እስኪሞቅ ድረስ ስላለው ጊዜ ነው። ከታች ስለማሞቁ ሌላ ሰው እንደሚቆጣህ ተስፋ አለኝ።

ደግሞ «መርጋት» እና «ሚዛን» የተለያዩ ናቸው። ላዩን 50፣ ታቹን 20 አድርገሽ ፓምፑን አጥፍተሽ ብትጠብቂ ቁጥሮቹ ይረጋሉ። ላይና ታች ግን እኩል አይሆኑም፤ ሙቀት መውረዱን ይቀጥላል። እኩል የሚሆኑት እዚያው ነጥብ ላይ ያሉት ፍሬና ውሃ ናቸው። «በየነጥቡ» የተባለው ለዚህ ነው። የተገላቢጦሹም አለ። ፍሬው ራሱ ሙቀት የሚያመነጭ ከሆነ፣ ለምሳሌ ፊቱ ላይ ኬሚካላዊ ለውጥ የሚካሄድበት ካታሊስት ከሆነ፣ ነገሩ ረግቶም ፍሬው በዙሪያው ከሚያልፈው ጋዝ እንደሞቀ ይኖራል። እዚያ መጠበቅ አያድንም።

አሁን ወደ ቀዩ ቀለም። እህቴ፣ እኔም በጀማሪነቴ እዚሁ ላይ ወድቄያለሁ። እንዲያውም ስላይድ ሠርቼ ሰው ፊት አቅርቤዋለሁ።

አንድ ኩብ ሜትር ድብልቅ በ1 ዲግሪ እንዲሞቅ ስንት ይፈልጋል? ውሃው 0.4 ሲባዛ በ4.18፣ ማለትም 1.67 ሜጋጁል። አሸዋው 0.6 ሲባዛ በ2.0፣ ማለትም 1.2። ድምሩ 2.87 ነው። ሙቀቱን ተሸክሞ የሚሄደው ግን ውሃው ብቻ ነው። 2.87ን ለ1.67 ብታካፍዪ 1.72 ይመጣል። ሙቀቱ ከውሃው 1.72 ጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል ማለት ነው። ቀለምሽ 60 ሰከንድ ፈጀ፤ 60 ሲባዛ በ1.72 103 ሰከንድ ነው። አንቺ 105 ለካሽ። ጥሩ እጅ አለሽ።

ልብ በይ፣ ይህን ሳሰላ አንድ ቴምፕሬቸር ብቻ ነው የተጠቀምኩት። ውሃውና አሸዋው በየነጥቡ ፍጹም እኩል ናቸው ብዬ ነው 103 ያገኘሁት። ስለዚህ መዘግየቱ የመለያየት ምልክት አይደለም፤ እኩል ለመሆናቸው ምስክር ነው። ባይስማሙ ኖሮ፣ ውሃው ለአሸዋው ምንም ሙቀት ሳይሰጥ ቢያልፍ ኖሮ፣ ሙቀቱ ከቀለሙ ጋር በ60 ሰከንድ ከች ይል ነበር። ተርሞካፕሉን የከበበው ቀይ ውሃ ሙቅ አልነበረም። መንገድ ላይ አሸዋው ሙቀቱን ገፎት ቀለሙን ብቻ ይዞ ነው የደረሰው።

መለያየት የሚታየው ጎን ለጎን ባሉት ሁለቱ ቁጥሮች ነው። አሸዋው ላይ ያልታየው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ግማሽ ሚሊሜትር ፍሬ ውስጥ ተርሞካፕል አይገባም፤ ሁለቱም የሚለኩት ድብልቁን ነው። ሁለተኛ፣ ልዩነቱ ራሱ የለም ማለት ይቻላል። እናስላው።

ፍሬ ሲሞቅ ሁለት ቦታ ይዘገያል። አንዱ ከውሃው እስከ ፍሬው ፊት ያለው ስስ ንብርብር ነው። ሌላው ከፍሬው ፊት እስከ ውስጡ ያለው መንገድ። ለመጀመሪያው የዋካዎና የባልደረቦቹ የ1979 ቀመር አለ፦ ኑሰልት ቁጥር 2 ሲደመር 1.1፣ በፕራንትል ቁጥር ኩብ ሩትና በሬይኖልድስ ቁጥር 0.6 ፓወር ተባዝቶ። ኑሰልት ሙቀቱ ከውሃው ወደ ፍሬው በምን ብርታት እንደሚያልፍ፣ ፕራንትል የፈሳሹን ጠባይ፣ ሬይኖልድስ የፍሰቱን ብርታት የሚነግሩ ቁጥሮች ናቸው። ለሁለተኛው የራዲየሱን ስኩዌር ለተርማል ዲፊውሲቪቲ ማካፈል ነው። ዲፊውሲቪቲ ማለት አስተላላፊነቱ ለሙቀት የመያዝ አቅሙ ሲካፈል ነው።

ለአሸዋው ዲፊውሲቪቲው በሰከንድ ወደ 3.8 ስኩዌር ሚሊሜትር ነው፤ ኳርትዝ ጎበዝ አስተላላፊ ነው። የፍሬው ራዲየስ 0.25 ሚሊሜትር። ውስጡን ለማሞቅ የሚፈጀው 0.016 ሰከንድ ገደማ ነው። ስሱ ንብርብር ይብሳል፣ እሱም ቢሆን 0.04 ሰከንድ ገደማ ነው። ውሃሽ በሰከንድ 0.3 ዲግሪ ቢጨምር ፍሬው የሚቀረው በ0.01 ዲግሪ ነው። ተራ ኬ ዓይነት ተርሞካፕል ከፋብሪካ ሲወጣ 2.2 ዲግሪ ስህተት ይፈቀድለታል። በዚህ መሣሪያ 0.01 መፈለግ በሚዛን ላይ ትንፋሽ መመዘን ነው።

ወደ ብዩ። ራዲየሱ 10 ሚሊሜትር፤ የብርጭቆ ዲፊውሲቪቲ 0.5 ገደማ። ስኩዌሩን ብታካፍዪ 200 ሰከንድ። በአሸዋው የዚሁ ስሌት ውጤት 0.016 ሰከንድ ነበር። ከአሥር ሺህ ጊዜ በላይ! ራዲየሱ 40 ጊዜ ነው ያደገው፣ ስኩዌሩ ግን 1600 ጊዜ። ቀሪው የብርጭቆ ስንፍና ነው።

ውሃው በእኩል ፍጥነት እየሞቀ ሲሄድ የኳስ መሃል ከፊቱ የሚዘገየው የዚህን አንድ ስድስተኛ ነው፣ 33 ሰከንድ። ስሱ ንብርብር በፍሰትሽ ወደ 14 ሰከንድ ይጨምራል (በስኩዌር ሜትር በኬልቪን ወደ 470 ዋት ነው የወጣልኝ)። ድምሩ 47 ሰከንድ። የ8 ዲግሪ ልዩነት ለማግኘት ውሃሽ በዚያ ሰዓት በሰከንድ 0.17 ዲግሪ መጨመር ነበረበት። ግራፍሽን ክፈቺና የአቀበቱን ቁልቁለት ለኪ። ከዚህ ከራቀ ስሌቴን ቅደጂው።

እዚህ ጋ ግን አንድ ወጥመድ አለ፣ ብዙ ሰው ይገባበታል። ሁለት እኩልታ ስትጽፊ የጠጣሩ ቴምፕሬቸር የሚባለው የፍሬው አማካይ ነው። አንቺ የለካሽው መሃሏን ነው። የአማካዩ መዘግየት በ33ቱ ፋንታ የ200ው አንድ አሥራ አምስተኛ፣ 13 ሰከንድ ነው፤ ከ14ቱ ጋር 27። ስለዚህ ያንቺ 8 ዲግሪ እኩልታው ውስጥ ሲገባ 4.6 ገደማ ነው። 8ን እንዳለ ካስገባሽ በውሃና በብይ መካከል ያለው ልውውጥ ከእውነቱ የደከመ ይመስልሻል።

ማንን ልስማ ላልሽው፣ አማካሪሽ ስለ አሸዋው ልክ ናቸው፤ ልጁ ስለ ብዩ። ሁለቱም ስለ ቁሱ ያወሩ መስሏቸው ስለ ሰዓት ነው የሚያወሩት። የፍሬው ሰዓት በዙሪያው ያለው ውሃ ከሚለወጥበት ሰዓት በጣም ካነሰ አንድ እኩልታ ይበቃል። ብዩንም ቢሆን ፍሰቱን መቶ ጊዜ ብትቀንሽው ወደ አንድ ይጠጋልሻል። ሹማን በ1929 ሁለቱን እኩልታዎች ለያይቶ ሲፈታ እያንዳንዱ ፍሬ ውስጡ ወጥ ቴምፕሬቸር አለው ብሎ ነው የተነሳው። ብይሽ ይህን እንኳ አታሟላም፤ መሃሏና ፊቷ ራሳቸው አይስማሙም።

ከታች የሚወጣውን ውሃ ብቻ የምትፈልጊ ከሆነ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ቱቦው ረጅም ከሆነ የሁለቱ መለያየት ሞገዱን (እየወረደ ያለውን የሙቀት ግንባር) ከማስፋት በቀር ብዙ አይሠራም። አንድ እኩልታ ጽፈሽ የስርጭት ቁጥሩን ማወፈር ይበቃል። ባንቺ 30 ሴንቲሜትር ላይ ከብይ ጋር ግን አልደፍረውም።

ባለመርፌ

ከታች የማሞቁን ነገር የምቆጣው እኔ ነኝ። ቶሎ መላሽ፣ ከታች ያሞቅከው ውሃ ይቀልና ይወጣል። ያን ጊዜ የምትለካው ሙቀት አስተላላፊነት ሳይሆን የውሃ ጉዞ ነው።

መቼ እንደሚነሳ ይታወቃል። ሆርተንና ሮጀርስ በ1945፣ ላፕዉድ በ1948 አስልተውታል፦ የቀዳዳማ ቁስ ሬይሊ ቁጥር (ሙቁን ውሃ የሚያነሳው ጉልበት ከሚገታው ጋር የሚነጻጸርበት) 39.5 ሲያልፍ ነው። በ30 ሴንቲሜትር ቁመት፣ በ30 ዲግሪ ልዩነት፣ ለአሸዋዋ 14 ገደማ ይመጣል። ዝም ይላል። ለብዩ ስንት እንደሚመጣ ታውቃለህ? ወደ 70 ሺህ! ውሃ የማሳለፍ አቅም በፍሬው ስኩዌር ስለሚያድግ ነው። ከጎን ብታሞቂው ደግሞ ገደብ የሚባል ነገር የለም፤ ትንሽም ቢሆን ወዲያው ይዞራል። ከላይ ማሞቅሽ በደንብ ታስቦበታል።

አሁን ወደ ሙቀት አስተላላፊነቱ አማካይ። በየድርሻው አባዝቶ መደመር ማለት ጠጣሩና ውሃው ከላይ እስከ ታች እንደ ገመድ ጎን ለጎን ተዘርግተዋል ማለት ነው። ተቃራኒው እንደ ወለል ተደራርበዋል ማለት ነው። ዊነር በ1912 እውነቱ ከሁለቱ መካከል እንደሚወድቅ አሳይቷል። ለብርጭቆና ለውሃ የላይኛው 0.84፣ የታችኛው 0.79 ነው። በዚህ ጠባብ በር የትኛውም ቀመር ይገባል። ስለዚህ ብዩ ላይ የሠራልሽ ቀመሩ ጎበዝ ስለሆነ አይደለም፤ ሁለቱ ቁሶች ስለሚቀራረቡ ነው።

ለብረትስ? ብረቱን 45 ብንለው የላይኛው 27፣ የታችኛው 1.5። በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። ኳሶች የሚነካኩት በነጥብ ነው። ሙቀቱ ብረቱን በፍጥነት ያቋርጥና መገናኛው ላይ በስስ ውሃ ውስጥ ለማለፍ ይሰለፋል። ብረቱ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ወረፋውን አያሳጥረውም። የዜነርና ሽሉንደር የ1970 ቀመር ይህን የመገናኛ ቦታ ያስባል፤ ለብረት ኳስሽ 5 ገደማ ይሰጣል። ካገኘሽው ጋር ይሄዳል። ምንም አላጠፋሽም።

ብዙዎች የሚወዱት ጂኦሜትሪክ አማካይ (ሁለቱን አስተላላፊነቶች በየድርሻቸው ፓወር አንስቶ ማባዛት) ለእርጥብ ኳርትዝ አሸዋ 2.8 ይሰጣል፣ ጥሩ ነው። ለብረቱ ግን 8 ይላል። ውሃውን አውጥተሽ አየር ብታስገቢ ደግሞ 0.8 ይልሻል፤ ደረቅ አሸዋ በእውነቱ ወደ 0.3 ነው። ኩርባውን ሳያዩ በቀጥታ መንዳት ይሉሃል ይህ ነው።

ከዚህ ጋር የአየር አረፋ ይመጣል። አየር 0.026፣ ውሃ 0.6። መገናኛው ላይ የተቀመጠች አንዲት አረፋ መንገዱን ትዘጋለች። ውሃውን ቀድመሽ አፍልተሽ አቀዝቅዢ፣ ከዚያ ከታች ወደ ላይ ቀስ ብለሽ ሙዪ። ከላይ ደረቅ አሸዋ ላይ ካፈሰስሽማ አረፋ ቀብረሻል።

አንድ የማይወደድ ነገር ልጨምር። ቱቦሽ 10፣ ብይሽ 2 ሴንቲሜትር። አምስት እጥፍ ብቻ። ግድግዳው አጠገብ ብዮች በደንብ አይታሸጉም፤ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ሙቁ ውሃ በዚያ አቋርጦ ይሮጣል። ቢያንስ አሥር እጥፍ ይመከራል። ከ8 ዲግሪሽ ውስጥ የግድግዳው ድርሻ ስንት እንደሆነ አሁን መለየት አትችዪም።

በመርፌ ለመለካት ከፈለግሽም እንዲሁ ነው። መርፌዋ ታሞቃለች፣ ቴምፕሬቸሩ ከሰዓቱ ሎጋሪዝም ጋር በቀጥታ መስመር ይወጣል፣ ቁልቁለቱ አስተላላፊነቱን ይነግርሻል። በብይ መካከል ግን ውሃው ይነሳብሻል። እኔ መርፌዬን የምፈትሸው አጋር በሚባል ማርጊያ ዱቄት በረጋ ውሃ ነው፤ በሊትር 5 ግራም ይበቃል። አይንቀሳቀስም፣ አስተላላፊነቱ ግን የውሃው ነው ማለት ይቻላል።

ቶሎ መላሽ

እሺ፣ ተማርኩ። ስሜን መቀየር የሚቻለው የት ነው?

እርጥብ አሸዋ (ጠያቂ)

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ቶሎ መላሽ አንተንም፤ ያንተን ስህተት እኔም ባለፈው ሳምንት ሠርቼዋለሁ፣ ብዩን ከታች አሙቄ ያገኘሁትን ቁጥር አፍሬ እዚህ አልጻፍኩትም።

ግራፉን ከፈትኩ። ውሃው 41 ሲደርስ በሰከንድ 0.16 ዲግሪ እየጨመረ ነበር። በ47 ሲባዛ 7.5። እኔ 8 ለክቻለሁ። ግማሽ ዲግሪ፣ ስምህን አሁን ነው የገባኝ።

አማካሪዬ ጋ የቀዩን ቀለም ስሌት ይዤ ሄድኩ። 103 እና 105ን ጎን ለጎን ሲያዩ «እኔስ ምን አልኩሽ?» አሉ። ስለ ብዩ የመሃልና የአማካይ ነገር ስነግራቸው ግን ዝም ብለው ወረቀቱን ወሰዱት፤ እስካሁን አልመለሱልኝም።

ስለ ግድግዳው ባለመርፌ ልክ ነህ። ወደ 8 ሚሊሜትር ብይ እወርዳለሁ፤ ቱቦው ያኔ ከአሥር እጥፍ በላይ ይሆናል። በዚሁ ፍሰት መሃሏ የምትዘገየው 9 ሰከንድ ወጣልኝ፣ 5 በብርጭቆው፣ 4 በንብርብሩ። ሞገዱ ትንሽ ስለሚሾል ልዩነቱ 2 ዲግሪ ገደማ ይሆናል ብዬ ጽፌ ደብተሬ ላይ ከበብኩት። የቀረው 8 ሚሊሜትር ብይ ሳይሰነጠቅ መብሳት ነው። ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰበርኩ። ውሃ ውስጥ አድርጎ መብሳት ይሻላል የሚል ካለ ይንገረኝ፤ ቁጥሩን ስይዝ እመለሳለሁ።